አኩራፊዋ ስታኮርፍ

«ማሽኗ ስትቆም ደስ የሚለው ማን ነው?»

ኢንጂነር ዳናይት በማሽን አያያዝ ስልጠና ላይ ይህን ስትጠይቅ ደሪቱ አንገቷን ደፋች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ከአፏ እንዴት ይውጣ?

ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ባለው ብስኩት ፋብሪካ፣ የማሸጊያዋን ማሽን ሠራተኛው ሁሉ «አኩራፊዋ» ይላታል። አንዴ ሳታኮርፍ አትውልም። ስታኮርፍ መካኒኩ ሐዱሽ መፍቻውን ይዞ እንደ ሽማግሌ ሊያስታርቃት ከሥሯ ይገባል። ደሪቱም በጓሮ በር ሾልካ፣ ከአጥሩ ማዶ እማማ የሻሽወርቅ የሚጠብቁላትን ልጇን ረሆቦትን አጥብታ ትመለሳለች።

ከስልጠናው በኋላ የወጣው አዲስ ደንብ ግን ሠራተኛው ራሱ ጠዋት ማሽኑን ይጥረግ፣ ዘይት ይቀባ፣ የላላ ቡሎን ያጥብቅ አለ። ደሪቱ እንደታዘዘችው አደረገች። አኩራፊዋ ስትስቅ ዋለች፤ ረሆቦት ጡጦዋን እየገፋች ስታለቅስ ዋለች። በማግስቱ ደሪቱ ዘይቱን አይታ እንዳላየች አለፈችው። ማሽኗ ቆመች፤ ልጅ ጠገበች። እናት ግን «ቢደርሱብኝስ? እንጀራዬስ?» እያለች እህል አልወርድላት አለ።

ማሽኗ ደጋግማ ስትቆም፣ ሳምንት ሳይሞላ ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለኪሮስ ሁሉንም ሰበሰቡ።

«የሐዱሽ ሥራ ነው! ማሽን ካልተበላሸ ኦቨርታይም ከየት ያገኛል?»

«ኧረ ጋሼ!» አለ ሐዱሽ። «ከሥሯ መተኛት የምወድ መሰለዎት? ሚስቴ እንኳ ግራሶ ግራሶ ትሸታለህ ብላ ፍራሽ ለይታለች!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ኃይለኪሮስ ግን አልሳቁም። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ደሪቱ። አውሮፕላን ከላይ እያጓራ አለፈና ድምፅዋን ዋጠው።

«ምን አልሽ?»

«ደስ የሚለው እኔን ነው! እሷ ስትቆም ልጄን አጠባለሁ። ዘይቱን የተውኩት እኔ ነኝ፤ ሐዱሽ ምን በወጣው!»

«እኔማ መንታ አለኝ!» አለች ሌላዋ የማሸጊያ ሠራተኛ ማኅደር ከኋላ።

ዳናይት ፈገግ አለች። «ጥያቄዬ ዛሬ ተመለሰ። ጋሼ፣ ማሽኗን በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ እኛው እናቁማት። እናቶቹ ያጥቡ፤ ሐዱሽ ይፈትሻት።»

«ደህና የሚሠራ ማሽን ላቁም?»

«ካላቆሟት ትቆምብዎታለች።»

አቶ ኃይለኪሮስ አኩራፊዋን አዩ፣ ሐዱሽን አዩ፣ ደሪቱን አዩ። «እስቲ እንሞክረው» አሉ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ አኩራፊዋ ሳታኮርፍ ቆመች። ሐዱሽ ዘይቱን ይዞ አጠገቧ ቀረ፤ ደሪቱና ማኅደር በዋናው በር ሄዱ።