በስስት የሻገተ ሌንስ

ሻጋታ ምን እንደሚወድ እኔን ጠይቁኝ። ጨለማ ይወዳል፣ እርጥበት ይወዳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው የሚሳሳለትን ዕቃ ይወዳል። በየቀኑ ትከሻ ላይ የሚንገላታ ካሜራ ብርሃንና ነፋስ ስለሚያገኝ ወደ እኔ የካሜራ መጠገኛ ሱቅ አይመጣም። የሚመጣልኝ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀበረው ነው። ዝናብ በማይለያት የወደብ ከተማችን ኪሉንግ ውስጥ ዕቃን እንዲህ መደበቅ ዓሣን ፀሐይ ላይ እንደ መተው ነው፤ ሰዉ ግን አይሰማም። ለማስረዳትም ደክሞኛል።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰሞን ሁሉም ነገር ደክሞኝ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ሳምንታት አልፈዋል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ አንሶላው አይደርቅም፣ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። ሱቁን ልዘጋ ስል አጎት ጂየን ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ጎረቤቱ ሁሉ አጎት የሚላቸው ጂየን ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ገበያ ውስጥ የጨረታ ዋጋ ሲጮኹ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። የዚያን ዕለት ግን በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

ላስቲኩን ፈቱ፣ ጋዜጣውን ገለጡ፣ የሟች ሚስታቸውን የአንገት ልብስ ገለጡ። ሳይጨርሱ ሽታው ደረሰኝ። ካሜራው አዲስ ነው። ሌንሱን ነቅዬ መብራት ላይ ያዝኩት። ነጫጭ የሻጋታ ክሮች ከጠርዙ ተነስተው እስከ መሃል ተንሰራፍተዋል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያነሱበት መቼ ነው?»

«አላነሳሁበትም።»

«ዘንድሮ ማለትዎ ነው?»

«ጭራሽ። እንዳይቆሽሽ ብዬ።»

«አጎት፣ እኔንም በዚህ አያያዝ ቢይዙኝ እሻግታለሁ።»

አልሳቁም። ካሜራውን የላከላቸው ልጃቸው ቦ-ሹን ነው፤ የዕቃ መርከብ ላይ መካኒክ ሆኖ ኑሮው ባሕር ላይ ነው። በመጀመሪያ ደመወዙ ገዝቶ «እናቴን እያነሳህ አቆይልኝ» ብሎ ላከው። እናቱ ባለፈው ዓመት በድንገት አረፈች፤ እሱ ውቅያኖስ መሃል ስለነበር ለቀብሯ አልደረሰም። አሁን ለሙት ዓመቷ ሊመጣ ነው።

«ዓርብ ይገባል» አሉኝ። «እስከዚያ ታጸጂልኛለሽ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ፋቅ ፋቅ አድርጊውና ያገለገለ ይምሰል።»

ሰው አሮጌውን አዲስ አስመስዪልኝ ሲለኝ ኖሬአለሁ። አዲሱን አሮጌ አስመስዪልኝ ያለኝ ግን እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

«ፎቶውን ሲጠይቅዎትስ?»

«ሚሞሪው ውሃ ገባበት እለዋለሁ። ኪሉንግ ነው፤ ማን ይጠራጠራል?»

«እኔ አልፍቅም» አልኳቸው። «ማጽዳቱን አጸዳለሁ፣ ውሸቱ የራስዎ ነው።»

የሚስታቸውን የአንገት ልብስ አጣጠፉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው፣ «ፀጉሯን አበጥራ ‹ዛሬስ?› ትለኝ ነበር» አሉ። «ዝናቡ ያባራ እላታለሁ። ሲያባራ ደግሞ ለልጁ ሠርግ እናቆየው እላታለሁ። እጄ ዓሣ ይሸታል፣ ዕቃው ውድ ነው… ምን ልበልሽ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው። አሳዘኑኝ፣ አናደዱኝም።

በማግስቱ ሌንሱን ፈታሁት። መስታወቶቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ በመድኃኒት በራሰ ስስ ወረቀት ከመሃል ወደ ጠርዝ እያዞርኩ ጠረግሁ። ክሩ ለቀቀ። አንደኛው መስታወት ላይ ግን ሻጋታው ላዩ ላይ ያለውን ቀጭን ቅብ በልቶት ነበር፤ ክሩ ሲነሳ ምልክቱ ቀረ። ያንን የሚያስለቅቅ ነገር የለም። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታው ፎቶው ላይ ትንሽ ጭጋግ ይጥላል። አጎት ጂየን ሊወስዱት ሲመጡ ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና የቤታቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው የሌንሱን ጎን እፊቴ ይፍቁት ጀመር። እንዳላየ ሆኜ ፊቴን አዞርኩ።

የሙት ዓመቱ በዋለ ማግስት ቦ-ሹን ሱቄ መጣ፤ አባቱ ከኋላው። ፀሐይ የጠበሰው፣ ገዘፍ ያለ ልጅ ነው። ካሜራውን አላመጣም፤ ሚሞሪውን ብቻ በመሐረብ ጠቅልሎ ይዟል።

«አክስቴ፣ ውሃ ገብቶበት ነው። ምናልባት ፎቶዎቹን ልታወጪያቸው ትችዪ እንደሆን ብዬ ነው። የፈለግሽውን እከፍላለሁ።»

ተቀበልኩት። ውሃ አይቶ አያውቅም። አባቱን አየሁ፤ እሳቸው ወለሉን ያያሉ። ፎቶው አይወጣም ብዬ ብመልስለት በአንድ ቃል እገላገላለሁ፣ እነሱም ወደ ቤታቸው፣ እኔም ወደ አልጋዬ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሁሉም ባይሆን አንዷን ብቻ አውጪልኝ» አለ ልጁ። «መስኮቱ ጋ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ የተነሳችውን።»

አጎት ጂየን ቀና አሉ። «የቷን?»

«በስልክ ነግራኛለች እኮ። በደወልኩ ቁጥር ‹አባትህ ዛሬም አነሳኝ› ትለኝ ነበር። አንዷ መስኮቱ ጋ፣ ወደቡ ከኋላዋ እየታየ። አንዷ ገበያ ውስጥ፣ የዓሣ ቅርጫት አቅፋ። ‹አባትህን እንዲህ አትየው፣ አሳምሮ ያነሳል› ትለኝ ነበር።»

ሽማግሌው የደንበኛ መቀመጫው ላይ ዘፍ አሉ። እኔም ሚሞሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ይህን ከሰማሁ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም፤ እውነቱን መናገር ደግሞ የእኔ ድርሻ አልነበረም።

«ውሃ አልገባበትም» አሉ ሽማግሌው። «ባዶ ነው፣ ልጄ። አንድም ቀን አላነሳኋትም።»

ቦ-ሹን መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ይጮኽባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮኽም አልፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ወደ በሩ ሄዶ ጀርባውን ሰጠንና ዝናቡን እያየ ቆመ።

«ቦ-ሹን» አሉ አባቱ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። «ሌላስ? ሌላ ምን ፎቶ አለ አለችህ?»

ልጁ ሳይዞር በረጅሙ ተነፈሰ።

«አንዷ ፎቶ ላይ እየሳቀችብህ ነው» አለ። «የሌንሱን ክዳን መክፈት ረስተህ።»