ከድንቢጥ የሚከብድ ፌንጣ

አሥራት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽ ላይ ልጁ ፋርማሲ እንደምትገባ ሲጽፍ ቅንጣት አላመነታም። ውሸት ለምዷል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ጉባኤ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ፕሮፐርቲ ማኔጅመንት ነው የምሠራው» እያለ፣ ሕንፃ አስተዳዳሪ መስሎ ኖሯል። እውነቱን ለመናገር፣ ከስካይላይን እስከ አሌክሳንድሪያ ባሉ ፎቆች እየዞረ አይጥ ይገድላል። የአይጥ ሥዕል የተለጠፈበትን ቫን ምእመናን እንዳያዩበት ራቅ አድርጎ ያቆማል።

ልጁ ሩሃማ ግን እቅጩን ነግራዋለች። ባዮሎጂ ጨርሳ ኒውዚላንድ አጠገብ ባለች አንዲት ደሴት የአንድ ዓመት ሥራ አግኝታለች። እዚያ ከድንቢጥ የሚከብድ ፌንጣ አለ።

«አይጥ ስላልነበረ፣ ዳዲ፣ ፌንጣው የአይጡን ቦታ ያዘ፤ ላይክ፣ በሚሊዮን ዓመት ገዘፈ። ከዚያ መርከብ አይጥ አመጣ። ሌላው ቦታ ሁሉ ፌንጣዎቹ አልቀዋል። እኔ አይጥ እንዳይገባ ነው የምጠብቀው። ሳትመርቀኝ ግን አልሄድም።»

አሥራት ግን ቅጹ ላይ ፋርማሲ ብሎ ጻፈ።

በየሰኔው ተመራቂዎች ከነወላጆቻቸው መድረክ ላይ ይቆማሉ፤ የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ዘገዬ የእያንዳንዱን ዕቅድ ያነብባሉ፤ ጉባኤው እጅ ጭኖ ይጸልያል። ዘንድሮም ጋሽ ዘገዬ «ሩሃማ አሥራት፣ ፋርማሲ» ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ። ሩሃማ አባቷን አየችው፤ ከዚያ ማይኩን ጠይቃ ተቀበለች።

«ይቅርታ፣ ፋርማሲ አይደለም» አለች፤ ስለ ደሴቷም፣ ስለ ፌንጣውም፣ ስለ አይጥ ወጥመዱም በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳች።

ጋሽ ዘገዬ ሳቁ፤ ጉባኤውም ተከተላቸው። «ልጄ፣ አይጥ ለመግደል ዲግሪ ምን ያደርጋል? ለዚያ የሚረባ ሥራ ያጣ ሰው ይቀጠራል። ያውም ለፌንጣ ብለሽ!»

አሥራትም እንደ ልማዱ አብሮ ሊስቅ ነበር። የልጁ አገጭ ሲንቀጠቀጥ ሲያይ ግን በገዛ ራሱ ላይ ደሙ ፈላ። ማይኩን ተቀበላት።

«የሚረባ ሥራ ያጣው ሰው እኔ ነኝ፣ ጋሽ ዘገዬ። ባለፈው ክረምት ከእርስዎ ፎቅ ቤዝመንት ሠላሳ አንድ አይጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አይጥ ኳርተር ሳንቲም በምታህል ቀዳዳ ይገባል። አንዲት እርጉዝ አይጥ ያቺን ደሴት ለመጨረስ ትበቃለች። ፌንጣው አይጥ አይቶ ስለማያውቅ መሸሽ እንኳ አያውቅበትም። ኖኅ መርከቡን የሠራው ለፋርማሲስት ብቻ ነው እንዴ?»

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አሉ ጋሽ ዘገዬ፣ ወደ ሕዝቡ ዘወር ብለው። አሁን የሳቀው ጥቂት ሰው ነው። «እሺ አሥራት፣ ቅጹ ይታረምና የሷን ጸሎት ለሌላ ጊዜ እናድርገው። ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

«አንለፍም» አለ አሥራት። «ቅጹ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ምን አጠፋች? ያፈራችሁባት እንደሆነ እኔ አላፍርባትም።»

መርዝና ወጥመድ ሲነካ የኖረ እጁን በልጁ ራስ ላይ ጫነ። ከመቀመጫው የተነሳ ሰው አልነበረም። አሥራትም ማንንም አልጠበቀም፤ ዐይኑን ጨፍኖ የደሴቷን ስም ጠራና ብቻውን መጸለይ ጀመረ።