መጀመሪያ ዘርዝር

"ገመድ ጠቅላይ" የሚል ስም ያወጣለት ኢንጂነሩ ነው። ቀኑም አልጠፋበትም፤ በእህቱ ሠርግ ማግስት፣ እሁድ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የድምፅ ማጉያውን እየነቃቀለ ሳለ። "ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ገመድ ይጠቅልል እንጂ!" አለ ኢንጂነሩ፣ የሙሽራው ታላቅ ወንድም፣ ሰው ፊት። ሰው ሳቀ። እህቱ ብቻ አልሳቀችም። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ።

እህቱ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ በኪራይ ወንበር ተጣቧል። ለቀስተኞች ሻይ ይዘው ያንሾካሹካሉ።

"መቼ ታመመች?"

"ኧረ እሷ መች ትናገርና!"

ኢንጂነሩ የሟችን ላፕቶፕ ጭኑ ላይ አድርጎ ላቡ ችፍ ብሏል። ትንሿ ልጇ፣ በሕፃንነቷ እናቷ ታነብላት የነበረውን ተረት ልስማ ብላለች። ተረቱ ከዓመታት በፊት በድምፅ ተቀድቶ፣ ከሌሎች ጋር በአንድ ፋይል ታምቆ ታስሯል።

"በመዳፊት እምቢ አለ። በትእዛዝ ነው የሚፈታው" አለ ኢንጂነሩ። ከስልኩ እያየ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፊደል ይለቅማል።

ገመድ ጠቅላዩ ከኋላው ቆሞ አየ። ታር፣ የታሰረ ፋይል መፍቻው ትእዛዝ። ቀጥሎ ኤክስ። ከፍ ብሎ ደግሞ ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ሌሎች ድምፆች ተደርድረዋል፦ 1፣ 2፣ 3። ቀናቸው ያለፈው ሳምንት ነው። ሆስፒታል ተኝታ የቀዳቻቸው።

እህቱ የጽሕፈት ሱቅ ነበራት፤ ደንበኛ ሲጠፋ አጠገቧ አስቀምጣ ኮምፒውተር ታስተምረው ነበር።

"ቲ ይዘረዝራል፣ ኤክስ ይፈታል። መጀመሪያ ዘርዝር። ታር 'ልተካው ወይ?' ብሎ አይጠይቅህም፤ ስሙ አንድ ከሆነ የነበረውን አጥፍቶ ይቀመጥበታል።"

"እኔ ደግሞ ይሄ በየት በኩል ይገባኛል?" ይላታል።

"ማን መቼ እንደሰደበህ ከነሰዓቱ የምትይዝ ሰውዬ፣ ሁለት ፊደል ያቅትሃል?"

እሷ ደግሞ የቀዳችውን ሁሉ ቁጥር የምትሰጠው ከአንድ ጀምራ ነበር። ሁልጊዜ ከአንድ። የታሰሩትም 1፣ 2፣ 3 ከሆኑ ሆስፒታል የቀዳቻቸውን ያጠፏቸዋል።

የኢንጂነሩ ጣት ወደ ማስገቢያው ቁልፍ ሄደ። ዝም ቢለው? ሰው ፊት ይዋረድ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ቀን። ግን የሚጠፋው የእሷ ድምፅ ነው።

"ጋሼ፣ እንዳይነኩት!" እጁን ያዘው።

ለቀስተኞች ዘወር አሉ።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለ ኢንጂነሩ።

ገመድ ጠቅላዩ ጎንበስ ብሎ ኤክሷን አጠፋ፣ በቲ ተካት። ዝርዝሩ ወረደ፦ 1፣ 2፣ 3። ኢንጂነሩ ከላይ ያሉትን አየ፣ ከታች ያሉትን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ላጠፋት ነበር" አለ በሹክሹክታ።

ገመድ ጠቅላዩ አዲስ ፎልደር ከፍቶ የታመቀውን እዚያ ፈታው። የድሮውም የሰሞኑም ተረፈ።

"አጎቴ፣ እኔ ልጫነው?" አለች ልጅቷ።

ተጫነችው። የእህቱ ድምፅ፣ ጤነኛና ሳቂታ፣ ተረት ጀመረ። ለቀስተኞች ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"ለመሆኑ" አለ ኢንጂነሩ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "ማነው ይሄን ያስተማረህ?"

ለዚያ ስድብ ስንት ዓመት ያዘጋጀው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። የቻርጀሩ ገመድ ከለቀስተኞች እግር ሥር ተዘርግቷል። ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ እህቱ እንደምትወደው፣ ሳያጣምም፣ ሳያጠብቅ ጠቀለለው። ልጅቷ ጭን ላይ አስቀመጠላትና በሩን ከፍቶ ወጣ።