ባዶው ሳህን

ልባም አንባቢ ሆይ፤ የሰው ልጅ ዓይን ያለውን ብቻ ሳይሆን የተመኘውንም የማየት ክፉ ልማድ ስላለው፣ ረቂቁን የፍጥረት ምስጢር ሊመረምር የሚነሣ ሁሉ ከመሣሪያው አስቀድሞ ልቡን ሊፈትሽ ይገባዋል። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ ትርሲት አምሳሉ ግን የተማረችው በብርቱ ኀዘን ነው።

ይህች ትጉህና ጭምት ደቀ መዝሙር በዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ኬሚስትሪን ለማስተርስ ማዕርግ የምታጠና ስትሆን፣ የተወለደችበት የስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ በዝቶበት የሕፃናቱን ጥርስ የሚያበልዝ፣ የአረጋውያኑንም አጥንት የሚያጎብጥ ነበርና፣ ያን መርዝ የሚያጣራ ዱቄት ከቀይ አፈር ለማውጣት ሁለት ዓመት ሙሉ አጥባና አንጥራ፣ አድርቃና በእቶን አቃጥላ ደከመች። ከዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው ዱቄት ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም ነበርና፣ በኤክስሬይ በመረመረችው ቁጥር በመሣሪያው የአሉሚኒየም ሳህን ላይ እንደ ስስታም ባልቴት ጨው ቆጥባ ትነሰንሰው ነበር። መሣሪያው እያንዳንዱን ማዕድን በየራሱ ጫፍ ለይቶ በሚሥለው መስመር ላይም ከአፈር ማዕድናት ከአንዱም ጋር የማይገጥም ረጅም ሾጣጣ ጫፍ ታየ። መምህሯ ዶክተር አምኃ «አዲስ ክሪስታል ነው» ብለው ለባልደረቦቻቸው ሁሉ አበሠሩ፤ በዚሁ ግኝት የተነሣም የዶክትሬት ትምህርት ዕድል ታጨላት።

የመመረቂያ ጽሑፏን በጉባኤ ፊት ልታቀርብ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ያ ጫፍ ይበልጥ ጎልቶ ያምር ዘንድ፣ ያጠራቀመችውን ዱቄት በሙሉ በሳህኑ ሞልታ ለካች። ጫፉ ጠፋ። ደንግጣ ደገመችው፤ የለም። በመጨረሻ ሳህኑን አጥባ ባዶውን ብትለካው፣ ያ የተመሰገነ ጫፍ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆመ። ለካስ ጨረሩ ስሱን ዱቄት አልፎ የሳህኑን አሉሚኒየም ሲነካ ኖሯል! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ማናቸውም ጀማሪ አስቀድሞ የሚፈጽመውን ባዶ ሳህን የመለካት ሥርዓት መምህሩም ተማሪዋም ከደስታ ብዛት ዘለውት ነበር። እንደ ቀድሞው በስሱ ነስንሳ ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም፤ ይህንም አሰበች፣ ስላሰበችውም አፈረችና አለቀሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ መምህሯ ገብታ፣ «ዶክተር፣ አዲስ ያልነው ክሪስታል የሳህኑ አሉሚኒየም ነው፤ ያሳሳትኩዎ እኔ ነኝ» አለች።

እሳቸውም ወረቀቶቹን ተራ በተራ አይተው፣ «የለም ልጄ፣ ባዶውን ለኪ ማለት የእኔ ፈንታ ነበር። እንግዲህ ምን ቀረልሽ?» አሏት።

«ውኃው፤» አለች ትርሲት፤ «ዱቄቱ ከአሥር እጅ ፍሎራይድ ስድስቱን ይይዛል። እሱን ደጋግሜ ለክቼዋለሁ፤ አልተለወጠም።»

በጉባኤውም ፊት መሣሪያው ለባዶው ሳህን የሣለውን መስመር ከሁሉ አስቀደመች። የታጨላት ዕድል ለሌላ ተሰጠ፤ ማዕርጓንም ያለ ታላቅ ሙገሳ ተቀበለች። ስለ ውኃው የተናገረችውን ግን ከፈታኞቿ አንድም የተጠራጠረ አልነበረም፤ ባዶውን ባዶ ለማለት የደፈረ አንደበት፣ ሙሉውን ሙሉ ሲል ይታመናልና።