በሲባጎ የተለካ ፍራሽ

የምሠራው ፍራሽ ቤት ነው። ስፖንጅ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ በረጅሙ ቢላ እሰነጥቃለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ብናኙን እውጣለሁ። ከከተማው ሰው ጋር ብዙም አላወራም፤ እንዴት እንደሚተኛ ግን አውቃለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚህ ስገባ ሰዉ የሚገዛው ሰፊውን ነበር። ባልና ሚስት ይመጡና በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው፣ ተሳስቀው፣ አሸክመው ይሄዳሉ። አሁን የአንድ ሰው ፍራሽ ይዘው "በቁመቱ ለሁለት ክፈልልን" የሚሉ በዝተዋል። ለኮሌጁና ለፋብሪካው ከየገጠሩ የሚጎርፈውን ወጣት ከተማዋ ወደ ጎን ሰፍታ ማስተናገድ ሲያቅታት ወደ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ሳሎን በቺፕውድ ለሁለት ይከፈላል፣ ጓዳ ለሦስት። በሬዲዮ "ከተማችን የወጣቶች ከተማ ሆናለች" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ሬዲዮኑን እዘጋዋለሁ። ተናጋሪው አንድ ቀን ጠዋት እኛ ግቢ ሽንት ቤት ቢሰለፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግድግዳው ላይ የተለቀለቀውን አልናገርም። ውስጥ ያለው "ሰው አለ!" ይላል፤ ውጭ ያለው "ሰው ከሆንክማ ውጣ!" ይለዋል።

የምኖረው ከአጎቴ ጋር ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ትከሻው በር ይሞላል። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ግን ጣራ እያየ ይውላል። እኔ አልጋው ሥር መሬት ላይ እተኛለሁ፣ ፖፖውን እደፋለሁ። ሚስቱ ቤቱን ከፋፍላ አከራይታዋለች፤ ያልተከራየው የእኛ ክፍል ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቤት ደላላ ሳያንኳኳ በሩን ገፍቶ ገባ። አዲስ ተጋቢ የሚመስሉ ወንድና ሴት ተከትለውታል። ፖፖው ገና አልተደፋም።

"ይኸውላችሁ፣ ባለ መስኮት! ነፋሻ!" አለ ደላላው፣ በአጎቴ እግር ላይ ተንጠራርቶ መስኮቱን እየከፈተ።

ሴትየዋ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። "እሳቸውስ?"

"እሳቸው ይነሳሉ።"

"ማለት... ከበሽታው?"

"ኧረ ከቤቱ ነው፣ እህቴ! የበሽታውን እግዜር ያውቃል።"

ባልየው ሳቀ፣ ወዲያው አፈረ። እፍረቱ ግን ግድግዳውን በስንዝር ከመለካት አላገደውም። "ቁም ሳጥኑ እዚህ ይቆማል" እያለ መጣ መጣና እጁ የአጎቴን ጭንቅላት ነካ።

"ይቅርታ፣ አባባ።"

"ግድ የለም ልጄ፣ ለካ" አለ አጎቴ።

ሰዎቹ ሲወጡ የአጎቴ ሚስት በጥቅሻ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። እጇ ላይ ቁራጭ ሲባጎ ተጠቅልሏል።

"እዚህ ጥግ፣ መወልወያው አጠገብ እናስተኛዋለን" አለች። "ትከሻውን እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ለክቼዋለሁ። በዚህ ልክ ቁረጥለት።"

ሲባጎውን ተቀበልኳት። በእጇ ላብ ርሶ ነበር። ለሬሳ ሳጥንም የሚለካው እንዲሁ አይደል?

"እትዬ፣ ሰው እኮ ይገላበጣል።"

"እሱ መቼ ይገላበጣል? የምገላብጠው እኔ! ደግሞ ዓይንህን አታጉረጥርጥብኝ። መድኃኒቱን የሚገዛው ያንተ ማፍጠጥ ነው? እኔስ የት ነው የምተኛው? ማድ ቤት፣ ልጄ እግር ሥር እንደ ድመት ተጠቅልዬ አይደለም እንዴ?"

እውነቷን ነው። የባሰ ያንገሸገሸኝም እውነቷን መሆኑ ነው።

ሱቅ እንደደረስኩ ሲባጎውን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ኮሪደሩ የማይችለው ፍራሽ ይዤ ብመጣ አጎቴ ከክፍሉ አይወጣም ብዬ አሰብኩ። ብቻዬን ስውል እንዲህ ያለ ብልሃት ይመጣልኛል፤ ያኔ ደግሞ ጥሩ ሆኖ ታይቶኝ ነበር። ከሱቁ ሰፊውን መርጬ ጭንቅላቴ ላይ ስጭን ባለ ሱቁ ከት ብሎ ሳቀ።

"ልታገባ ነው እንዴ?"

"ለአጎቴ ነው።"

"እሳቸው ሊያገቡ ነው?"

"ከደሞዜ ቁረጠው" ብዬው ወጣሁ።

ቤት ስደርስ የተከራዮቹ ዕቃ በር ላይ ተቆልሏል። አጎቴን ደላላውና ባልየው ተሸክመው አውጥተውታል። መወልወያው አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ደግፈው አስቀምጠውታል፤ ከአፉ ጥግ ለሃጩ ይወርዳል፣ የሚጠርግለት የለም። ፍራሹ ኮሪደሩ መሃል ተሰነቀረ። ከየቺፕውዱ ጀርባ አንገት ብቅ ብቅ አለ፤ "ኧረ ማለፊያ ስጡን!" የሚል ጩኸት ተነሳ።

እትዬ አልተቆጣችም። ወደ ማድ ቤት ሄዳ የሽንኩርት ቢላዋን ይዛ መጣችና ተንበርክካ ፍራሹን ትዘለዝለው ጀመር። ስፖንጁ እየተቦጨቀ አጎቴ ጭን ላይ ይረግፋል። ሽንኩርት ይሸታል፣ መወልወያው ይሸታል፣ ሁላችንም እንሸታለን።

"ከእግሬ በኩልም ቀንሺለት" አለ አጎቴ፣ በዚያ በተንጋደደ አፉ። "አላፊው እንዳይደናቀፍ። እኔ እግሬን አጥፋለሁ።"

"ጋሼ!" አልኩት።

"ምን ቆመህ ታያለህ? ሥራህ አይደል? እያበላሸችው ነው እኮ።"

እንዲጮህ፣ እንዲሰድባቸው፣ ቤቱ የእኔ ነው እንዲል ጠብቄ ነበር። እሱ ግን የሚያስበው ስለ ፍራሹ ጠርዝ ነበር። ቢላውን ከእጇ ተቀበልኳትና አሰመርኩ፤ ጠመኔ ስላልነበረኝ በጥፍሬ። ከጎኑ ቆረጥኩ፣ ከእግሩ በኩል ቆረጥኩ። ቀጥ ብሎ ወጣ። ቀጥ ማለቱ አስጠላኝ።

አጎቴን አስተኛነው። እንዳለውም እግሩን አጠፈ፤ የማይታዘዘውን እኔ አጠፍኩለት።

ተከራይዋ ሴት ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ነበር። ስትጠጋኝ ሻርፗ ተንሸራተተና ሆዷን ያን ጊዜ አየሁት፤ ገፍቷል።

"ወንድሜ፣ ትራፊውን ትሰጠኛለህ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "ለሕፃን ይበቃል።"

"ስጣት" አለ አጎቴ ከታች።

ሰጠኋት። እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ፤ ምስጋናዋ ሳይቀር ሸተተኝ።