የሰዓት ሠሪው ታፔላ

ለታፔላ ጸሐፊው መስመሩ የሚለውን ቅጽል ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ያለ ማስመሪያ ሲያሰምር ያየ ሰው፣ ቀጥታነት የሚባለውን ነገር ዓለም የተማረችው ከእሱ ነው ብሎ ይምላል። በአሮጌው የከተማ በር ገብቶ እስከ ታችኛው አደባባይ የሚወርድ መንገደኛ ቀና ባለ ቁጥር የሚያነበው የእሱን ፊደል ነው። ወፎች እንኳ መንገድ የሚለዩት በእሱ ታፔላ ነው ይባላል፤ ባይባልም መባል ነበረበት።

ኋላ ግን የፕላስቲክ ማተሚያ ማሽን መጣና እንጀራውን ነጠቀው። ከማሽኑ ቀጥሎ ደግሞ ወጣት ዲዛይነሮች መጡ። ድሮ የጨው መጋዘን በነበረው ቤት ስቱዲዮ ከፈቱ፤ ከተማይቱ ያን ሁሉ ግንብና ጉልላት ተሸክማ ቆማ እነሱ የተላጠ በር ፊት ተንበርክከው ፎቶ ሲያነሱ ይውላሉ። የዛገ የቤት ቁጥር ሲያገኙ አንዱ ሌላውን የሚጠራው የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ነው።

እነዚህ ልጆች ናቸው ከየመንገዱ አንድ የእጅ ጽሑፍ ታፔላ መርጠው በትልቁ አዳራሽ ሊሰቅሉ የተነሡት፤ ከሥሩም የሠሪው ስም ይጻፋል። ከመስመሩ መንገድ የታጨው እሱ በጎልማሳነቱ ለሰዓት ሠሪው የሠራው ሰማያዊ ታፔላ ነበር።

«እንዳለ ይቆይ፣ ጋሼ» አለችው የቡድኑ መሪ፣ ባለ መነጽሯ ልጅ። «ነገ ረፋዱ ላይ መጥተን እናወርደዋለን።»

ጀምበር ሳትጠልቅ ወሬውን ያልሰማው ከቤተ መቅደሱ ጣሪያ ርግቦች በቀር ማንም አልነበረም፤ እነሱም የተረፉት መስመሩ ሽቅብ መጮህ ስለደከመው ነው። ለጎማ ጠጋኙ አንድ ታፔላ ነው አለው። ለጫማ ሰፊው አምስት አደረገው። አማቱ ቤት ሲደርስ አዳራሹ ራሱ በስሙ ሊሰየም ምንም አልቀረው።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» አለችው ሚስቱ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ከአልጋው ወጥቶ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይል ጀመር። ሚስቱ ሻይ ቀዳችለት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ብርጭቆውን የምትሞላለት እስከ ግማሽ ነው። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ እንደ ጀመረ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አንሥተውት አያውቁም።

«ምን ያንቆራጥጥሃል?»

«አቧራውን ላራግፍለት።»

«እንዳለ ይቆይ አላሉህም?»

«እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ? ያን የመሰለ አዳራሽ ፊቱን ሳይታጠብ ይግባ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

እሱ ግን መሰላሉን ተሸክሞ ወጥቷል። ቀለምና ብሩሽም ይዟል፤ ለአቧራ።

ሰዓት ሠሪው ሱቁን ሲከፍት መስመሩን ከራሱ በላይ ተሰቅሎ አገኘው። «ውረድ እንጂ፣ ወንድሜ። እንዳይነካ ተብሏል።»

«አንዷ ፊደል እግሯ ተልጧል። እንደ ሽባ እየተጎተተች አዳራሽ ትግባ?»

ብሩሹን ነክሮ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እጁን ሰደደ። መስመሯ ወረደች፤ ቀጥ ብላ፣ እንደ ገመድ ጠብቃ። መስመሩ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጦ አየው። እጁ ሲታዘዘው ከዓመት በኋላ መጀመሪያው ነበር። ያቺ ፊደል ስታበራ ግን ጎረቤቷ ጥቀርሻ መሰለች። ጎረቤቷን ሲያድስ ሦስተኛዋ አኮረፈች። ፊደሎቹ ሲያልቁ ሰማያዊው መደብ አሮጌ መጋረጃ ሆነበት፤ በየፊደሉ መሃል እየተሽሎከለከ እሱንም ቀባው። ወዲያ ማዶ የቆመ ዕውር እንኳ የሚያነበው ታፔላ ሆነ።

ዲዛይነሮቹ በጭነት መኪና ደርሰው ታፔላውን አልፈውት ሄዱ። ባለ መነጽሯ ፎቶዋን እያየች ተመለሰች።

«ጋሼ፣ አሮጌው የት ሄደ?»

«ይኸው! ታጥቦ፣ ለብሶ ይጠብቃችኋል።»

ልጅቷ ፎቶውን ከታፔላው ጋር አስተያየች። ከመኪናው የወረደ ባልደረባዋ ራሱን ይዞ እግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ አለ።

«የፈለግነው ፀሐይ የበላውን ነበር» አለች በመጨረሻ። «ዕድሜውን።»

«ዕድሜውማ አለ። ልብስ ነው የቀየረው።»

ጠጋ ብላ የታችኛውን ጠርዝ በጣቷ ነካች። ጣቷ ሰማያዊ ሆነ፤ ፊቷም ፈካ። «አልደረቀም! ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ ቢጠረግ አሮጌው ከሥር ይወጣል። አሁኑኑ ከጠረጉት እንወስደዋለን፣ ስምዎም ይጻፋል። ከደረቀ ግን አይሆንም።»

ሚስቱ ወሬ ሰምታ እየሮጠች ደርሳ ነበር። ጨርቅ በአኳራጅ ነክራ አቀበለችው። መስመሩ መሰላሉን ወጣ። መንገዱ በሙሉ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ጫማ ሰፊው፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ትናንት ታፔላ የተቆጠረላቸው ሁሉ። ጨርቁን ከመጀመሪያዋ ፊደል አጠገብ አደረሰ። መስመሯ እንዳለች ነበረች፤ በጎልማሳነቱም እንዲህ ያለ አልወጣለትም። ጨርቁ አንዴ ቢያልፍባት ጧት እጁ እንደታዘዘለት የሚመሰክር ነገር አይኖርም፤ ነገ ደግሞ ይታዘዘው አይታዘዘው ማን ያውቃል።

ተመልሶ ወረደና ጨርቁን ለሚስቱ ሰጣት።

«ይቅርብኝ» አለ።

«ስምህስ?» አለችው በሹክሹክታ። «ለከተማው ሁሉ የነዛኸው?»

«እሱም ይቅርብኝ።»

ሚስቱ ታፔላውን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ቀኝ እጁን። ጨርቁን ጠቅልላ ያዘች።

ዲዛይነሮቹ ባዶ እጃቸውን መመለስ ስላልፈለጉ ዓይናቸው መንገዱን ተሻግሮ ሥጋ ቤቱ ላይ አረፈ። የዚያ ታፔላ ሠሪ፣ የመስመሩ የዘላለም ባላንጣ፣ ሥራ ሲሰጠው «ነገ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስለማያውቅ ነገ ይባላል። ባለ ሥጋ ቤቱ ታፔላውን አድስልኝ ብሎ ሲለምነው ልጁ አልተወለደም ነበር፤ ልጁ አሁን ባለ ትዳር ነው።

«ይኼ ሁሉ ዘመን ምንም አልነኩትም?» አለችው ባለ መነጽሯ በአድናቆት፣ ከተመልካቹ መሃል ብቅ ያለውን ነገን።

«መተውም እጅ ይጠይቃል፣ ልጄ» አለ ነገ። ወደ መስመሩም ዞሮ፣ «ሰማህ? ስንፍናዬ ቅርስ ሆነ» አለው።

«ሬሳም እኮ አይንቀሳቀስም» አለ መስመሩ።

ቆርቆሮው ታፔላ ሲወርድ መሃሉ ይጎብጥ ጀመር። መስመሩ መቆም አልቻለም፤ ተሻግሮ አንዱን ጫፍ ያዘ።

«ቀስ፣ ቀለሙ እንዳይረግፍ» አለ ነገ ሌላውን ጫፍ እየያዘ።

«ቀለም አለው እንዴ? ዝገት መስሎኝ።»

እየተበሻሸቁ እስከ መኪናው ተሸከሙት። ጫማ ሰፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ቀረብ አለ። «አዳራሽ የሚገባው ያንተ ያልከው ይኼ ነው?»

መስመሩ ቆርቆሮውን መኪናው ላይ አሳርፎ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«የእሱ ነው» አለ። «የኔ እዚያ ማዶ ነው፤ ገና አልደረቀም።»