የኮፈኑ አፍንጫዎች

ባሌ ለመኪናዋ አፍንጫ ላብጅላት ብሎ የተነሳው የዓይን ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ» ባለችው ሰሞን ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ሲባል ይተክዛል፣ ሲብስበትም ይሳደባል። የእኔው ጌታ ግን ከሕክምና እንደተመለስን ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ጓሮ ገብቶ ኮፈኑን ከፈተ።

«ትንፋሽ ያጥራታል። ዳገት ላይ የምትሞቀው ለዚህ ነው» አለኝ።

«ማን?» አልኩት፤ እያወቅኩ።

ነገሬን ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ ያውቅበታል።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ልትነካ ምንም የማይቀራት፣ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ባሌ ባትላሜራ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲያቃና የኖረ። እሷን ከቁርጥራጭ ብረት መሃል አንስቶ ያመጣት ልጃችን ሆዴ ውስጥ እያለች ነበር። ሁለቱን እኩል አሳደጋቸው ብል አላጋነንኩም፤ ልጃችን እንዲያውም ያዳላ የነበረው ለመኪናዋ ነው ትላለች። አፍንጫ የሚለው ደግሞ ከኮፈኑ ላይ ከፍ ብሎ ፊቱን ለንፋስ የሚከፍት፣ ለሞተሩ ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ ጉብታ ነው። ሁለት ሊያወጣላት አሰበ።

ዓይኑን የያዘው ግላኮማ የሚሉት ግፊት ነው። ፊት ለፊቱን ደህና አድርጎ ያያል፤ የጠፋበት ዳር ዳሩ ነው። ሐኪሟ ጣቷን ከጎኑ እያንቀሳቀሰች ስትጠይቀው ዝም ብሎ ግድግዳውን ያይ ነበር። ከዚያ በፊት የግቢውን በር ቋሚ ጨርፎታል። አንድ ብስክሌት ነጂም ለጥቂት ተርፎ፣ እናቱን አባቱን ሳያስቀር ሰድቦት ሄዷል። እሱ ግን «እስኪሻለኝ ነው» ይላል። የሚሻለው ነገር እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

«እማዬ፣ ቁልፉን ደብቂው» ትለኛለች ልጄ። እንዴት ብዬ? ያን የመሰለ ሰውዬ የገዛ ቤቱን መሳቢያ ሲበረብር ቆሜ ልየው? ግን ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ወደ በር እሮጣለሁ። አንድ ቀን የሰው ልጅ ገጭቶ ይመጣል፣ ወይም እሱ ራሱ አይመጣም። ስለዚህ ሥራው እስኪያልቅ ታገስኩ። ኮፈኑ ወልቆ ጠረጴዛ ላይ እስካለ ድረስ መኪናዋ የትም አትሄድም፤ እኔም እህል እንደልቤ እውጣለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የአፍንጫዎቹን ልክ በካርቶን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ከፍታውን ስንወስን ኮፈኑን ለጊዜው ቦታው መለሰውና እሱ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ እኔ ከፊት ቆሜ ካርቶኑን ያዝኩ።

«ከፍ… ትንሽ ከፍ… እዚያ ላይ! እንዳትነቃነቂ!»

አፉ ሰፋ ካለ ንፋሱ ይበዛል ብሎ፣ መንገዱን እስካልጋረደው ድረስ ከፍ አደረገው። ከዚያ ዝንብ እንኳ እንዲያርፍበት የማይፈቅደውን ኮፈን በገዛ እጁ ቆረጠው። እኔ ማየት አቅቶኝ ወደ ቤት ገባሁ። ላሜራውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስተኝቶ በመዶሻ ሲያጎብጠው፣ በመዳፉ እየዳበሰ መልሶ ሲቀጠቅጠው ሰነበተ። በየደ፣ ሞረደ፣ ቀባ። እውነት ለመናገር አማሩ። ከፋብሪካ አብረዋት የወጡ ይመስሉ ነበር።

ቀለሙ በደረቀ ማግስት ጠዋት ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። እኔም ለጠብ ተዘጋጅቼ ተከተልኩት። የምለውን ሁሉ ከአልጋ ሳልወርድ ደርድሬዋለሁ፤ ከግቢው በር ፊት እቆማለሁ፣ በላዬ ላይ ንዳ እላለሁ። እሱ የሹፌሩን በር ከፈተና ይዞት ቆመ።

«ግቢ» አለኝ።

«የት?»

«መንጃ ፈቃድ አለሽ አይደል? ወይስ ለጌጥ ነው ያወጣሽው?»

የልጄን መኪና ስነዳ ኖሬያለሁ። የዚችኛዋን መሪ ግን ነክቼው አላውቅም፤ እሱ መሪውን የሚያየው እንደ ጥርስ ብሩሹ ነው፣ አያጋራም። ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረልኝና ፊቱን አዞረ። የደረደርኩትን ንግግር ሁሉ ተውኩት። አሳዘነኝ፤ እንዲያ አሳዝኖኝ አያውቅም።

ገባሁ። እሱም ዞሮ ከጎኔ ተቀመጠ፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አኖራቸው። እኔ ቀና ስል የሚታየኝ ሰማይና ሁለት ጉብታ ብቻ ነው። መንገድ የለም። እግሬም ፍሬኑ ጋ አልደረሰም።

«ታያለሽ?»

«አያለሁ» አልኩ።

ምን ልበል? አላይም ብል «እንግዲያው እኔ ልንዳ» ሊል ነው፤ እውነትም ይኖረዋል።

ውሸቴን ግን ያውቀዋል። ወርዶ ከኮፈኑ ፊት ሄደና ጎንበስ አለ። ጠፋብኝ።

«ስንት ጣት ነው?» አለ ከዚያ ማዶ።

«ሦስት!»

ቀና ሲል ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ ነበሩ። እኔ ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋና መዳፉን አንደኛው አፍንጫ ላይ አሳረፈ።

«የለካሁት እኔ ተቀምጬ ነው» አለ።

ለባሹን ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ የማላውቅ ሴት፣ ካርቶኑን ይዤ ፊቱ ቆሜ ማን እንደሚነዳት መጠየቅ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ለሁለታችንም ነጂው ያው እሱ ነበር።

ከዚያ መጥቶ በሬን ከፈተ።

«ውረጂ።»

መሪውን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። «አልወርድም! ከፈለግክ ጎትተህ አውጣኝ! ብሞት አልወርድም!»

«አንቺ ሴት፣ መቀመጫው ሥር ልገባ ነው! ዝጎ ተጣብቋል፤ እሱን ሳላላቅቅ እግርሽ በምን ይደርሳል?»

ወረድኩ። እሱ በንጹህ ሸሚዙ መሬት ላይ ተንጋሎ መቀመጫው የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ዘይት አጠጣው፣ በመዶሻ ነረተው። በእሱ እግር ልክ ዘመናት የቆመው መቀመጫ እየጮኸ ወደፊት መጣ። መልሶ አስቀመጠኝና ኮፈኑን አውልቆ፣ በአፍንጫዎቹ ፈንታ ካርቶን ይዞ ከፊቴ ቆመ።

«በይ፣ አሁን አንቺ ተናገሪ።»

«ዝቅ» አልኩት። ዝቅ አደረገው። «ትንሽ ዝቅ…» በእያንዳንዱ «ዝቅ» የስንት ቀን ልፋቱን እየቆረጥኩበት እንደሆነ አውቃለሁ። መንገዱ ገና ሳይታየኝ «በቃ» አልኩ።

«አታባብዪኝ» አለ። «ስወጣ ስገባ የምታደርሺኝ አንቺ ነሽ። መንገዱን ታያለሽ?»

ድምፁ ሰለለ። ዓይኔ እንባ ስለሞላ ጠርጌ እንደገና አየሁ።

«አላይም። ዝቅ አድርገው።»

ጎንበስ አለ። ካርቶኑ ወረደ፣ ወረደ፤ ከተከፈተው የግቢ በር ውጭ ያለው አስፋልት ብቅ አለ፣ አስፋልቱ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ከነእግራቸው ታዩኝ።

«እዚያ ላይ» አልኩት። «እንዳትነቃነቅ።»

ልኩን በአፍንጫዎቹ ላይ በጠመኔ አሰመረ። ከዚያ የሥራ መነጽሩን አጠለቀና የብረት መቁረጫ ማሽኑን አስነስቶ መቁረጥ ጀመረ።